«እስካሁን ምን ሆንኩ?» ለሚል ወጣት ሹፌር ምን ይባላል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ታናሽ ወንድሜ የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአባታችንን ቪትዝ ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ደብረ ዘይት ይወርዳል። በቅርቡ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እየነዳ መልእክት ይጽፋል። ከኋላ የተቀመጡት ቀበቶ አያስሩም። ለመቅደም ሲወጣ ልቤ ልትቆም ደረሰች። ማታ ሲመለሱ ደግሞ አንዳንዴ ቅመውና ጠጥተው ነው። ስናገረው ‹እስካሁን ምን ሆንኩ? ስነዳ አይተሽኝ የለ?› ይለኛል። የትራፊክ ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቃል። ስለ ፍጥነትና ስለ ፍሬን በፊዚክስ ሊያስረዳኝም ይችላል። ይህን ያህል የተማረ ልጅ አደጋው እንዴት አይታየውም? ምን ብለው ይሰማኛል?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ወንድምሽ አያውቅም አላልሽም፤ ያውቃል ግን አይታየውም ነው ያልሽው። እኔ የምሠራው የአሽከርካሪዎችን ባህሪ በማጥናት ላይ ነው። እኛም ብዙ የደከምንበት ጉዳይ ይኸው ነው። ፍጥነት እንደሚገድል ማወቅ አንድ ነገር ነው። ዛሬ፣ እኔን፣ በዚህ መንገድ ላይ ሊገድለኝ ይችላል ብሎ ማሰብ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በትምህርት ይገኛል። ሁለተኛው ግን በትምህርት ብቻ አይመጣም።

ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ስለ አደጋ በማስተማር አትለውጪውም፤ ትምህርቱ አለው። በማስፈራራትም አይሆንም። ችሎታውን ከነቀፍሽበት ደግሞ ጭራሽ ጆሮ አይሰጥሽም። የሚለወጠው የሚነዳበት ሁኔታ ነው። ማን አብሮት ተሳፍሯል? ስልኩ የት ነው? ከስንት ሰዓት በኋላ ነው መሪ የሚይዘው? መንገድ ላይ ዓይኑ ምን ይፈልጋል? እነዚህ ላይ ከሠራችሁ ለውጥ ይመጣል።

ከራሱ አባባል ልጀምር። «እስካሁን ምን ሆንኩ?» የሚለው የሞኝ ክርክር አይደለም። ሰው ከተነገረው ይልቅ ከደረሰበት ይማራል። የጋለ ምጣድ የነካ ልጅ ሁለተኛ አይነካም። መንዳት ግን እንዲህ አድርጎ አያስተምርም። ስልክ እያዩ ከቦሌ መገናኛ የነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይደርሳል። በነጋታውም ይደርሳል። በሰላም ያለቀ እያንዳንዱ ጉዞ ለአእምሮው «ይቻላል» ይለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዓይኑ ስልኩ ላይ በነበረባቸው ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ማንም መንገድ አልገባም። ያ ዕድል ነው። ወንድምሽ ግን በችሎታው ሒሳብ ላይ ይመዘግበዋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ብዙ ጊዜ ያተረፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ለመቅደም ሲወጣ ከፊት ለፊት የሚመጣው የአይሱዙ ሹፌር ፍሬን ይዞለት ሊሆን ይችላል። ወይም ጎማውን ወደ ጠጠሩ አውጥቶ ቦታ ሰጥቶታል። አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላ ጎትታዋለች። እነዚህን ሁሉ ወንድምሽ አላያቸውም። እሱ የሚያስታውሰው «አለፍኩት» የሚለውን ብቻ ነው።

ሪስቶ ናታነንና ሄይኪ ሱማላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን በደንብ አብራርተውታል። ሹፌር በተለመደ ጉዞው ላይ አደጋን እየመዘነ አይነዳም አሉ። የሚሰማው ስጋት በአብዛኛው ዜሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍርሃት ይኖራል። ልምድ ሲደጋገም ይጠፋል። ፍርሃቱ ሲጠፋ አደጋው አብሮ የጠፋ ይመስላል። መንጃ ፈቃድ ባወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ወንድምሽ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሬዲዮ ዘግቶ ነበር የሚነዳው ብዬ እገምታለሁ። አሁን በአንድ እጁ ነው። የተለወጠው ስሜቱ ነው፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። በብዙ አገር የተሰበሰበ መረጃም አደጋ በብዛት የሚደርሰው መንጃ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት እንደሆነ ያሳያል። ወንድምሽ ያለው እዚያው አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። የጠየቃቸው የአሜሪካና የስዊድን ተማሪዎችን ነው። እዚህ ከተሰበሰቡት ጋር ሲወዳደር የመንዳት ችሎታችሁ ምን ያህል ነው አላቸው። ከአሜሪካኖቹ 93 ከመቶ፣ ከስዊድኖቹ 69 ከመቶ ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ ውስጥ መደቡ። በጥንቃቄስ ሲባሉ 88 እና 77 ከመቶ እንደዚያው አሉ። ከተሻለው ግማሽ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ግን ግማሹ ሰው ብቻ ነው። ይህን ማንም ተማሪ ያውቃል። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን ሒሳቡ አይታወሰውም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ችሎታ እንደሚምታታ ልብ በይ። አንደኛው የእጅና የእግር ነው። ማርሽ መለዋወጥ፣ ጠባብ ቦታ ማቆም፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን መያዝ። ይህን ወጣት በጥቂት ወራት ይለምደዋል፣ ከአባቱም ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው የዓይንና የግምት ነው። ምን ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ ማየት። ይህ ዓመታት ይወስዳል። «ስነዳ አይተሽኝ የለ?» ሲልሽ እየነገረሽ ያለው ስለ መጀመሪያው ነው። በእሱ ልክ ነው፤ አትከራከሪው። አንቺን ያስፈራሽ ሁለተኛው ነው።

ደግሞ አንቺ ስትደነግጪ እሱ ለምን እንዳልደነገጠ ገርሞሽ ይሆናል። ስለ አደጋ ግምት የተጠኑ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ። ሰው ራሱ የሚቆጣጠረውን ነገር ከእውነተኛው ያነሰ አደገኛ አድርጎ ያየዋል። መሪውን የያዘው እሱ ነው። አንቺ ጋቢናም ብትሆኚ፣ ከኋላም ብትሆኚ የያዝሽው ነገር የለም። ስለዚህ ያንን መቅደም ሁለታችሁ አንድ ዓይነት አልቀመሳችሁትም። ተማሪዎችን ስለ መንገድ አደጋ ስትጠይቂያቸው ሲኖትራክ ይሉሻል፣ ሚኒባስ ይሉሻል። አልተሳሳቱም። የራሳቸውን መኪና የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ለእግረኛ ደግሞ ቪትዝም ብረት ነው።

ፊዚክስ ያውቃል ስላልሽ፣ አንድ ስሌት ስጪው። አንቺ አታስሊለት፤ ራሱ ይሥራው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 70። ልጅ መንገድ ሲገባ ሁለቱም ሹፌሮች እኩል ያዩታል። ሁለቱም እግራቸውን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፉ አንድ ሰከንድ ይወስድባቸዋል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማው ደህና ነው፤ ፍሬኑ ፍጥነትን በየሰከንዱ በሰከንድ 7 ሜትር ይቀንሳል ይባል። የ50ው መኪና ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ልጁ እዚያች 28ኛዋ ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። ይህ መኪና ልጁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጥያቄው፦ የ70ው መኪና ልጁ ጋ ሲደርስ ስንት ላይ ነው?

ብዙ ሰው 20 ይላል፤ ልዩነቱ 20 ነዋ። መልሱ 58 ነው። በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር። ምክንያቱን እሱ ያገኘዋል። ያቺ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻዋን 19 ሜትር በልታለች። ለፍሬን የቀረው 8 ሜትር ነው። ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ሳይሆን በካሬ ነው የሚያድገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪና ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ሲያድግ የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድል 4.5 ጊዜ ይጨምራል። ከዚያ የሐምሌን ዝናብ ይጨምርበት። ጎማው ያለቀ ይሁን። ፍሬኑ በ7 ፋንታ 4 ብቻ ይያዝ። እንደገና ያስላው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ስለሚያስፈራ አይደለም። ስለ ፍጥነት ዓይናችን እንደሚያታልለን በራሱ እጅ ስለሚያሳየው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ 50 እና 70 ጎረቤት ናቸው። የሚያደርሱት ጉዳት ግን ጎረቤት አይደለም።

ስለ ደብረ ዘይት መንገድም አንድ ነገር ልበል። በፈጣን መንገዱ ከሄደ እስከ 120 ድረስ ይነዳል። እዚያ ባጃጅ የለም፣ ጋሪ የለም፣ እግረኛ የለም። ችግሩ ከመንገዱ ሲወጣ ነው። ለረጅም ደቂቃ በ100 እና በ110 የነዳ ሰው ዓይኑ ያንን ይለምዳል። ከተማ ሲገባ 70 የኤሊ ጉዞ ይመስለዋል። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው ብሎ ይምልልሻል፤ የሚሰማውን ነው የሚነግርሽ። መድኃኒቱ ከፈጣን መንገድ በወጡ ቁጥር ስሜትን ሳያምኑ ቆጣሪውን ማየት ነው። ሌላው ጎማ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ላይ ይሞቃል፣ ይፈነዳል። አምስት ሰው ጭኖ ከመውጣቱ በፊት ጎማ ማስለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በአሮጌው መንገድ በዱከም በኩል ከሄደ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው አንድ አስፋልት ይጋራሉ። አንቺን ያስደነገጠሽ መቅደም እዚያ ላይ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ጓደኞቹ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሎረንስ ስታይንበርግና ባልደረባው ማርጎ ጋርድነር በፊላደልፊያ፣ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫወቱ። ቢጫ መብራት ሲበራ ትቆማለህ ወይስ ትቀጥላለህ? ጥቂት መቀጠል ነጥብ ያስገኛል፣ ብዙ መቀጠል ያስጋጫል። ተጫዋቾቹ በሦስት ዕድሜ ተከፈሉ፤ ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ ከዚያ በላይ ያሉ አዋቂዎች። ግማሾቹ ብቻቸውን ተጫወቱ። ግማሾቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው። አዋቂዎቹ ሰው ኖረም አልኖረም ያው ነበሩ። ታዳጊዎቹና የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ያሉት ግን ጓደኛ ሲያያቸው በግልጽ የበለጠ ደፈሩ።

ስለዚህ ወንድምሽ አንድ ሹፌር አይደለም። ብቻውን ሲሆን አንድ ነው። አባትሽን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርስ ሌላ ነው። አራት ጓደኞቹን ጭኖ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ አንዱ ከኋላ ቪዲዮ ሲቀርጸው ደግሞ ሌላ። ማንም «ንካው!» ሳይለው እንኳ ይነካዋል። ይህ የባህሪ ብልሽት አይደለም። የዚያ ዕድሜ አእምሮ እኩዮች ሲያዩት ሽልማቱ ጎልቶ ይታየዋል። የምረቃ ሰሞንንና የሠርግ አጀብን አስቢ። ሰው በመስኮት ወጥቶ ተቀምጦ የሚጨፍርበት ያ ሰልፍ ውስጥ ያሉት ወጣቶች በሌላ ቀን ጠንቃቆች ናቸው።

ይህ ለአንቺ መልካም ዜና ነው። የልጁን ጠባይ መለወጥ ከባድ ነው። ጋቢና የሚቀመጠውን ሰው መለወጥ ግን ይቻላል። ከጓደኞቹ መካከል አንድ ረጋ ያለ ይኖራል። ወንድምሽ የሚያከብረው። እሱን አናግሪው። ሰላይ አድርገሽ አይደለም። ጋቢና እንዲቀመጥ፣ ስልኩን እንዲይዝለት፣ ካርታውንና ሙዚቃውን እንዲቆጣጠር፣ ሲያስፈልግም «ቀስ» እንዲል። የአንድ እኩያ «ቀስ በል እንጂ» ከእናትና ከእህት መቶ ምክር ይበልጣል።

ለኋለኞቹ ቀበቶም በዚያው ልጅ በኩል ይነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ለተሳፋሪ የሞት አደጋን እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ይህን ሰምተው ይሆናል። ያልሰሙት ግን ይህ ነው፦ ቀበቶ ያላሰረ የኋላ ተሳፋሪ ግጭት ሲፈጠር ወደ ፊት ተወርውሮ የሚያርፈው ከፊት ባለው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ወንድምሽ «እኔን ልትጨፈልቀኝ ነው፣ እሰር» የማለት መብት አለው። ሁሉም ሳያስር መኪናው አይነሳም ይበል። ይህ ሹፌሩን አያሳንሰውም። እንዲያውም የመኪናው አለቃ ማን እንደሆነ ያሳያል።

ስለ ስልክ ረጅም ነገር አልናገርም፤ ጥርጣሬ የሌለበት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አራት ሰከንድ መልእክት ማንበብ ማለት ከ110 ሜትር በላይ ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስልክ የሚጠቀም ሹፌር አደጋ ላይ የመውደቅ ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ ነው ይላል። አንድ ማምለጫ ግን ልዝጋብሽ። «ስፒከር ላይ ነው፣ እጄ ነፃ ነው» ይልሻል። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ በማስመሰያ መኪና ላይ ደጋግመው ፈትነውታል። በጆሮ ማዳመጫ የሚያወራ ሰው ስልክ በእጁ ከያዘው ብዙም አይሻልም። ዓይኑ ነገሩ ላይ ያርፋል፤ አእምሮው ግን አያየውም። ስለዚህ ስልኩ ድምፁ ተዘግቶ ዳሽቦርድ ውስጥ ይግባ፤ ካልሆነም ጋቢና ላለው ይሰጥ። ኪስ ውስጥ ሆኖ «አላየውም» ማለት አይሠራም። አንቺና እናታችሁም እየነዳ እንደሆነ እያወቃችሁ አትደውሉለት።

ወደ ጫቱና ወደ መጠጡ ስመጣ በጣም እጨነቃለሁ። ተማሪ ጫትን የሚያውቀው ለጥናት ነው፣ እንቅልፍ ይከለክላል ብሎ። ስለዚህ «ያነቃል እንጂ አያሰክርም» ይላል፣ ቅሞ መንዳት ችግር አይመስለውም። ምርቃና ውስጥ ያለ ሰው ንቁ እንደሆነ ይሰማዋል፣ ይተማመናል፣ ይቸኩላል። ለሹፌር ከልክ ያለፈ መተማመን ራሱ አደጋ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድካሙና ድብርቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። የሚመለሱት ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው። ከዚያ ጨብሲው አለ። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ይጠጣሉ። ጫቱ ያልሰከሩ ያህል እንዲሰማቸው ያደርጋል፤ ቢራው ግን ሥራውን እየሠራ ነው። የእግሩ ፍጥነት ቀንሷል፣ ርቀት መገመት አይችልም፣ እሱ ግን ደህና ነኝ ይላል። «ስካሬ ይሰማኛል፣ ራሴን አውቃለሁ» የሚለው ልጅ እንደዚያ ምሽት ራሱን የማያውቅበት ጊዜ የለም።

ምንም ሳይጠጣም ድካም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ለክተውታል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች መንዳት የሚከለክሉት ከዚህ መጠን ጀምሮ ነው። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይጠጋል። በእኛ ሰዓት ቁጠሪው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ልጅ ማታ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞላው። ከደብረ ዘይት የሚመለሱት ስንት ሰዓት ነው? የፈተና ሰሞን ሌሊቱን አድሮ ያጠና ተማሪ ፈተናው እንዳለቀ «እንውጣ» ብሎ መሪ ሲይዝ የባሰ ነው።

ምናልባት አባትሽ «የተሻለ ስልጠና ላስገባው» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኖርዌይ ልምድ ትልቅ ትምህርት ነው። በተንሸራታች መንገድ ላይ መኪና መቆጣጠርን ለአዳዲስ ሹፌሮች ግዴታ አድርገው ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲገመገም የወጣት ወንዶች አደጋ በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ጨምሮ ተገኘ። ሥልጠናው ከሰጣቸው ችሎታ ይልቅ የሰጣቸው መተማመን በልጦ ነበር። ወንድምሽ መተማመን አልጎደለውም። ስለዚህ መኪና የማሽከርከር ብልሃት የሚያስተምር ሥልጠና አይግባ።

የሚረዳው ዓይንን የሚያሠለጥን ነው። አዲስ ሹፌር ከመኪናው አፍንጫ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚያየው። የቆየ ሹፌር ሩቅ ያያል፣ ጎንና ጎን ይቃኛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ፈላጊዎችን በቪዲዮ እያሳዩ አደጋ ሊሆን የሚችለውን ቀድሞ ማየት ይፈትናሉ። እኛ ቪዲዮ አያስፈልገንም። አንድ ዘዴ አለ፣ ወጪ የለውም። ሹፌሩ የሚያየውንና የሚጠረጥረውን ጮክ ብሎ እየተናገረ ይነዳል። «ሚኒባሱ ቆሟል፣ ከፊቱ ሰው ሊወጣ ይችላል። ባጃጁ ሳያሳይ ሊዞር ነው። የአይሱዙው የኋላ መብራት አይሠራም፣ ልራቅ። ኳስ አየሁ፣ ልጅ ይከተላል።» መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ግን የሚሠራ ዘዴ ነው። ስለ ራሱ ችሎታ ሳይከራከር ምን ያህል ነገር እያመለጠው እንደነበር ያገኘዋል። አባትሽ ወይም አንድ የቆየ ሹፌር ጋቢና ተቀምጠው እሱ ያልጠራውን ይጥሩለት። እርማት ሳይሆን ውድድር ይሁን፤ ማን ቀድሞ ያያል ተባባሉ። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ውድድር ይወዳል።

አሁን ምን ልበለው ወዳልሽው። በመኪና ውስጥ አትጀምሪ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነሽ መጮህ ያናድደዋል፣ ዓይኑንም ይወስዳል። ቤት፣ ቡና ላይ፣ ጓደኞቹ በሌሉበት። የአደጋ ፎቶና ቪዲዮ አትላኪለት። ወጣት ወንዶች በሚያስፈራ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ያ ሰውዬ መንዳት አይችልም ነበር» የሚል ነው። በቁጥርም አታጣድፊው። አንድ ብቻ ካስፈለገሽ ይህ ይበቃል፦ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው ገደማ በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉትም ከሁሉ የሚበልጠው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። የእሱ ዕድሜ እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ጠይቂው እንጂ አትንገሪው። «እጅህ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ባለፈው ወር ሌላ ሰው ፍሬን ባይዝልህ ኖሮ የምትጋጭበት ጊዜ ነበር?» በይው። ዝም ብለሽ ጠብቂ። ሐቀኛ ከሆነ አንድ ሁለት ያስታውሳል። ያ ትዝታ ከኔ ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ይናገረዋል። «እስካሁን ምን ሆንኩ» የሚለውን «እስካሁን ማን አተረፈኝ» ወደሚለው ማዞር ከቻልሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

ቀሪው ግማሽ የአባትሽ ነው፤ መኪናው የእሳቸው ነውና። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 አዲስ ወጣት ሹፌር መጀመሪያ በሌሊት እንዳይነዳ፣ ብዙ ሰውም እንዳይጭን የሚገድብ መንጃ ፈቃድ ጀመረች። በኋላ ብዙ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ግዛቶች ተከተሉ። የወጣቶች አደጋ ቀንሷል። እኛ አገር ቤተሰብ ይህን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ቁልፉ ሲሰጥ ሁኔታው አብሮ ይነገር። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከመሸ በኋላ ከአንድ ጓደኛ በላይ አይጫንም። ከከተማ ከወጣ ብርሃን ሳለ መመለስ፣ ወይም እዚያው ማደር። ከቃሙ ወይም ከጠጡ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ሁኔታው ቅጣት እንዳይመስል በጥሩ ቀን፣ ምንም ሳይሆን ይነገር። አባትሽ ራሳቸውም ቀበቶ ይሰሩ፣ ስልክ ያስቀምጡ። ልጅ የአባቱን መንዳት ከጋቢና ሲያይ ነው ያደገው።

የመጨረሻው ነገር ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ዛሬ ማታ ልታደርጊው የምትችይው ነው። ከወንድምሽ ጋር አንድ ስምምነት ግቢ። በማንኛውም ሰዓት፣ የትም ሆኖ፣ ጠጥቶ ወይም ደክሞት ከሆነ፣ ወይም የሚነዳው ጓደኛው ጠጥቶ ከሆነ፣ ይደውልልሽ። አንቺ ታክሲ ትልኪያለሽ ወይም ሰው ታገኚለታለሽ፤ ሒሳቡንም ትከፍያለሽ። በዚያ ሌሊት አንድም ጥያቄ አትጠይቂውም። «ሌላ ቀን እንነጋገራለን» ብቻ። ወላጆችሽም ይህን አስቀድመው ይስማሙበት። ብዙ ወጣት እየሰከረ መሪ የሚይዘው አደጋውን ንቆ ብቻ አይደለም፤ ቤት ደውሎ መሰደብን ከአደጋው በላይ ስለሚፈራም ነው። ሲደውልልሽ ድምፅሽ ላይ ቁጣ ከሰማ ሁለተኛ አይደውልም። ስለዚህ ያን ቀን ማታ ስልኩን ስታነሺ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ «የት ነህ?»